ደመናው ሲቆም ልጆቻችሁን ለምን እናቆያለን?



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ስፖርት ውድድርና ስለ መማሪያ ክፍሎች እድሳት ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ ስለ ሰማይ ልንጽፍ ነው። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሚያዝያ ወር የደረሰብንን አይታችኋል። ከዚያ በኋላ ባወጣነው መመሪያም ቅር ተሰኝታችሁ፣ ቢሮአችን ድረስ መጥታችሁ ወቅሳችሁናል። ወቀሳችሁን ሰምተናል። መልሱን በየግል ከምንሰጥ፣ ልጆቻችንም እያነበቡት በዚህ ገጽ ብናሰፍረው ይሻላል ብለናል።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ቀኑ የትምህርት ቀን ነበር። ከምሳ በኋላ በስተምሥራቅ ደመና ቆመ። ሥሩ ጠቁሯል፤ አናቱ እንደ አንጥረኛ መስፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ተዘርግቷል። አየነው፤ ግን ሩቅ ነው አልን። እንደ ወትሮው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የመውጫውን ደወል ደወልን። ልጆቹ ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ መጣ። ዝናብ የለውም፤ ከፊቱ ቀይ የአቧራ ግድግዳ እየነዳ ነበር የመጣው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም። ሲያበቃ የአራተኛ ክፍል ጣሪያ ከነማገሩ ተነቅሎ ኳስ ሜዳው ላይ ወድቆ አገኘነው።

በዚያው ሰዓት ሦስት ተማሪዎቻችን መንገድ ላይ ነበሩ። ከአቧራው ለመሸሽ አንዲት ብቸኛ ግራር ሥር ተጠልለዋል። መብረቁ የወደቀው ከእነርሱ ራቅ ብላ በቆመች ሌላ ግራር ላይ ነው። በእርሷ ሥር የነበሩ ፍየሎች አለቁ። ልጆቹ በሕይወት ተረፉ፤ አንደኛዋ ግን ለሁለት ቀን ጆሮዋን ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሦስቱም በክፍላቸው አሉ።

ወላጆች የነገሩን እውነት እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ያን ቀን አቆይታችኋቸው ቢሆን ኖሮ የአራተኛ ክፍል ጣሪያ በልጆቻችን ላይ ይወርድ ነበር። ታዲያ አሁን ደመና ባያችሁ ቁጥር የምታቆዩአቸው ለምንድን ነው?» አሉን። ጥያቄው ከባድ ነው። አልመለስንላቸውም፤ ዝም ብለን ተቀመጥን። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ጭምር ነው።

የወደቀው ነገር ምን ነገረን?

በማግስቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሳይንስ መምህራቸው ጋር ኮምፓስና ደብተር ይዘው ወጡ። የወደቀውን ሁሉ፣ የወደቀበትን አቅጣጫ እየለኩ መዘገቡ፤ የተነቀለውን ቆርቆሮ፣ የተጋደመውን አጥር፣ የተገነጠለውን የግራር ቅርንጫፍ። ከዚያ በትልቅ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን በቀስት ሣሉት። ሁላችንም ቀስቶቹ ሁሉ ነፋሱ በመጣበት መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱ መስሎን ነበር። አልሆነም። ከኳስ ሜዳው ማዶ ካለ አንድ ቦታ ተነሥተው በየአቅጣጫው ወደ ውጭ ተበትነዋል። ከከፍታ ላይ በባልዲ ውኃ መሬት ላይ ቢደፋ እንደሚረጨው ማለት ነው።

ይህን ዓይነት ሥዕል አንድ ሳይንቲስት ከእኛ ልጆች በፊት አይተውታል። ቴትሱያ ፉጂታ ይባላሉ፤ ጃፓን ተወልደው በኋላ በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1945 እ.ኤ.አ. ወጣት መምህር ሳሉ በአቶሚክ ቦምብ የወደመችውን ናጋሳኪን ሄደው ሲመለከቱ፣ ዛፎቹ ከአንድ ማዕከል ወደ ውጭ ወድቀው አዩ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በአሜሪካ ማዕበል ያጠፋውን ጫካ ከአውሮፕላን ላይ ሲቃኙ ያንኑ የአወዳደቅ ሥርዓት አገኙት። እዚያ ቦምብ አልነበረም። ታዲያ ከላይ የወረደው ምንድን ነው?

ሰኔ 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በነጎድጓድ መካከል ሊያርፍ የተቃረበ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን ወደቀ፤ 113 ሰዎች ሞቱ። ፉጂታ መዝገቡን መርምረው፣ አውሮፕላኑን የጣለው ከደመናው ቁልቁል ወርዶ መሬት ላይ የተበተነ ጠባብ ነፋስ ነው አሉ። «ማይክሮበርስት» የሚለውን ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው አላመኑአቸውም። በ1978 ግን ከቺካጎ አቅራቢያ የነፋስን ፍጥነት የሚለኩ ዶፕለር ራዳሮች ተተክለው ነፋሱ በግልጽ ታየ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ ሌላ አውሮፕላን በተመሳሳይ ነፋስ ወድቆ 137 ሰዎች ሲሞቱ ክርክሩ አበቃ። ከዚያ በኋላ በትልልቅ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች አጠገብ ይህንኑ ነፋስ ብቻ የሚጠብቁ ራዳሮች ተተከሉ።

ለእኛ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ሚያዝያ ላይ የመታን ነፋስ ከሩቅ እየነፈሰ የመጣ አልነበረም። ከራሳችን አናት ላይ ነው የወረደው።

«ባዶ ደመና» የሚባል ነገር የለም

እንዴት ይወርዳል? ደመናው የተሸከመው ዝናብና በረዶ ሲወርድ አየሩን አብሮ ይጎትተዋል። ከደመናው በታች ያለው አየር ደረቅ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዝበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በሸክላው ዘልቆ የሚወጣው ርጥበት እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ከደመናው በታችም እንዲሁ ይሆናል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ የከበደ አየር ይወድቃል። መሬት ሲነካ መሄጃ ስለሌለው በየአቅጣጫው ይፈነጠቃል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የእኛ አገር ድርቀቱ ራሱ ነፋሱን እንደሚያበረታው ነው። በደጋ ዝናቡ ነፋሱን ተከትሎ ስለሚመጣ ሰው ቀድሞ ይጠነቀቃል። እኛ ዘንድ ግን ዝናቡ አየር ላይ ተኖ ቀርቶ ነፋሱ ብቻውን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ይኼ ዝናብ የለውም፣ ባዶ ደመና ነው» የሚለው የቆየ አባባላችን በዳበል ሰማይ ሥር አያዋጣም። ከሥሩ የተንጠለጠለ፣ መሬት የማይደርስ የዝናብ ሻሽ ያለው ደመና ካያችሁ ጠርጥሩት።

ሌላም የምናርመው ነገር አለ። ተማሪዎቻችን በአማርኛ ድርሰታቸው ላይ «ክረምት ሲገባ በሰኔ ነጎድጓድ ይጮኻል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ለጎንደርና ለጎጃም ልክ ነው። የእኛ ሰኔና ሐምሌ ግን ደረቅ ናቸው። ነጎድጓዳችን የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቦረናዎች «ገና» በሚሉት ወቅት (ከልደት በዓል ጋር አይምታታ)፣ እንደገናም ከጥቅምት እስከ ኅዳር በ«ሐገያ» ነው። ልጆቻችን ከመጽሐፉ ይልቅ የራሳቸውን ሰማይ እንዲጽፉ እንፈልጋለን።

መመሪያችንና ዋጋው

ከሚያዝያ ወዲህ የምንሠራበት መመሪያ አጭር ነው። መብረቁ ብልጭ ካለበት ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ እንቆጥራለን። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሠላሳ ሳንቆጥር ከሰማን መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም ልጅ ከግቢ አይወጣም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ እንጠብቃለን። ከዚያ የመውጫው ደወል ይደወላል።

ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። አንዲት እናት፣ «መምህር፣ ደመናውን ፈርታችሁ ልጄን ስታቆዩብኝ ፍየሎቼን ማን ይመልስልኝ? ጀሪካኑንስ ማን ይሞላልኝ?» ብለውናል። ልጃቸው አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳው እርሷ ናት። ሲመሽባት መንገዱ ሌላ አደጋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ከዚህም በላይ እኛው ራሳችን የምናምነው ነገር አለ፤ ልጆቹን ካቆየንባቸው ቀናት በአብዛኛው ማዕበሉ ሳይነካን ወደ ሌላ አቅጣጫ አልፏል። ልጆቹ በከንቱ ቆይተዋል፤ ፍየሎቹም በከንቱ ተበትነዋል።

ታዲያ ለምን እናቆያለን? የትኛው ደመና እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚወድቅብን ከመሬት ሆነን መለየት ስለማንችል ነው። በዓይናችን የምናየው የደመናውን ጎን ብቻ ነው፤ ውስጡን አናይም። ውስጡን የሚያይ መሣሪያ ግን አለ።

ራዳር ምን ያያል?

ራዳር ሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካል። ሞገዱ የዝናብ ጠብታና በረዶ ሲያገኝ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል። ሞገዱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ደመና ነክቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ነው። ከቆይታው ርቀቱን፣ ከምላሹ ጥንካሬ የዝናቡን ብዛት ያሰላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላት አውሮፕላን የሚፈልጉ ወታደሮች ዝናብ ስክሪናቸውን ሲሸፍንባቸው ያማርሩ ነበር። ለእነርሱ እንቅፋት የነበረው ለሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ሀብት ሆነ።

ዶፕለር ራዳር ከዚያ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ወደ ሞያሌ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲርቅ ይወፍራል። ራዳሩም ጠብታዎቹ ወደ እርሱ ሲመጡና ከእርሱ ሲሸሹ በሞገዱ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ያገኛል። በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ግማሹ ነፋስ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሲሮጥ ካየ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆቻችን በቀስት የሣሉትን ነገር ገና እየሆነ ሳለ አየው ማለት ነው። ሰማዩን ዙሪያውን ቃኝቶ ለመጨረስ የሚወስድበት ጊዜም ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያህል ነው።

እንግዲህ ራዳር የሚጠቅመን «ተጠንቀቁ» እንዲለን ብቻ አይደለም። «ይኼኛው ወደ እናንተ አይመጣም፣ ልጆቹን ልቀቋቸው» እንዲለንም ጭምር ነው። ራዳር በሌለበት ቦታ ማስጠንቀቂያ የሌለ ይመስላል። እንዲያውም ይበዛል፤ ሁሉም ደመና ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ውኃ የምትቀዳዋ ልጅና እናቷ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ራዳሮቹ የት ናቸው?

በኢትዮጵያ በኩል በአማራ ክልል፣ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ባለችው በሻውራ የአየር ሁኔታ ራዳር ተተክሏል። በክረምት ከሐይቁና ከደጋው የሚነሡትን ማዕበሎች ይቃኛል። ከእኛ በአየር ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ በታንዛኒያ ሙዋንዛ፣ በኡጋንዳ ኢንቴቤ ራዳሮች አሉ። እነርሱም ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁናል። የራዳር ሞገድ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምድር ከሥሩ ትጎብጣለች፤ ስለዚህ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከመሬት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲርቅ የደመናውን አናት እንኳ ይስተዋል። የሻውራም የኢንቴቤም ዓይን ዳበል አይደርስም።

የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል። ሌሊት ሌሊት ከየብስ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱ ሐይቅ ላይ ይጋጠማል፤ ማዕበሉ የሚነሣው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ ባሉበት ሰዓት ነው። በየዓመቱ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎች ሐይቁ ላይ እንደሚሞቱ ይገመታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች ጋር «ሃይዌይ» የተባለ ፕሮጀክት አካሂዷል። የራዳርና የሳተላይት መረጃ አንድ ላይ ተደርጎ፣ ትንበያው ዓሣ አጥማጁ በሚገባው ቋንቋ እስከ ጀልባ ማቆሚያው እንዲደርስ ተሠራ። ያ የሆነው አገሮቹ ሐይቁን የጋራ አደጋ አድርገው ስላዩት ነው።

«ሳተላይት የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፤ እናመሰግነዋለን። ሜቴኦሳት የሚባሉት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በየሩብ ሰዓቱ የአፍሪካን ደመና ፎቶ ያነሣሉ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀው አዲሱ ደግሞ መብረቅን ራሱን ከላይ ይቆጥራል። ሞያሌም የቆየ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አላት፤ ዝናብና ሙቀት ይለካባታል። ነገር ግን ሳተላይት የሚያየው የደመናውን ጣሪያ ነው። ጣቢያው የሚለካው የቆመበትን ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ከደመናው ሆድ ወደ እኛ የሚወርደውን ነፋስ የሚያይልን ራዳር ብቻ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፣ «አባቶቻችን ያለ ራዳር ኖረዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ዘመን ይቆጥራሉ፤ ወቅቱ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። እኛም ከእነርሱ ብዙ ተምረናል፤ ልጆቻችንም እንዲማሩ እንፈልጋለን። ነገር ግን የእነርሱ ዕውቀት የወቅት ነው፤ ራዳር የሚነግረን የሚመጣውን ግማሽ ሰዓት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ከብቶቹን ወደ ፎራ መቼ እንደምትነዱ አያንቱን ጠይቁ። ልጃችሁ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትውጣ ወይስ አትውጣ ለሚለው ግን ሌላ ዓይን ያስፈልገናል።

ሁለተኛው፣ «እኛን የገደለን ድርቅ ነው፣ ነፋስ አይደለም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ያዩትን አይተናል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብቶቻችን በየመንገዱ ወደቁ፤ የክፍያ ጊዜ እንድናራዝምላችሁ የጠየቃችሁን ያን ጊዜ ነው። ወዲያው በ2023 ማብቂያ ደግሞ ጎርፍ መጣ። ግን ሁለቱን አንነጣጥላቸው። በድርቅ የከሳ መንጋ በአንድ የማዕበል ሌሊት ያልቃል። በድርቅ የተራቆተ መሬት ለአቧራና ለጎርፍ ይጋለጣል። ራዳር ደግሞ ነፋስ ብቻ አይለካም፤ የትኛው መሬት ላይ ምን ያህል እንደዘነበ ያሳያል። ለአርብቶ አደር ሣር የት እንደሚበቅል ከማወቅ የበለጠ ምን አለ?

ሦስተኛው፣ «ውድ ነው፣ ቢተከልም ይበላሻል» የሚለው ነው። ይህንን ተቃውሞ እናከብረዋለን፤ በየቦታው ተተክሎ የዛገ መሣሪያ አይተናል። ራዳር የማይቋረጥ መብራት፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ሰውና መንገድ ይፈልጋል። ሞያሌ ግን የዛሬ ሃያ ዓመቷ ሞያሌ አይደለችም። እስከ ናይሮቢ አስፋልት አለን። የኬንያዋ ሞያሌ መብራቷን ከኢትዮጵያ ስታገኝ ኖራለች። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመርም በማርሳቢት ካውንቲ ያልፋል። ድንበር ላይ ደግሞ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጋራ ኬላ አለ፤ ተጓዥ አንድ ቦታ ቆሞ የሁለቱን አገር ጉዳይ ይጨርሳል። ሁለት መንግሥታት በአንድ ጣሪያ ሥር ፓስፖርት ማየት ከቻሉ፣ በአንድ ማማ ላይ ሰማይ ማየት አያቅታቸውም።

ካርታ ዘርጉና ተመልከቱ። ሞያሌ ከፍታ ላይ የተተከለ አንድ ራዳር በ200 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያቤሎንም ማርሳቢትንም ያቅፋል። ሩቅ ላለው የማዕበሉን አካሄድ ያሳያል፤ ቅርብ ላለነው የነፋሱን አወራረድ ጭምር። ደመናው በኬላው አያልፍም፤ ቪዛም አይጠይቅም። ስለዚህ ጥያቄያችን ለናይሮቢም ለአዲስ አበባም ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚ ይሆናል የሚል ዕቅድ አውጀዋል። ከ«ሰው ሁሉ» ውስጥ የዳበል ልጆች እንዳይረሱ የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው። በሚቀጥለው የቺፉ ባራዛ ላይ ይህን ጉዳይ እናነሣለን። ወላጆች ከጎናችን እንድትቆሙ እንጠይቃለን።

ለእኒያ አባት መልስ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። ልጆቹን አቆይተን ጣሪያው ቢወርድባቸውስ?

ፍርሃትዎ መሠረት አለው። በኡጋንዳ በኪሪያንዶንጎ አውራጃ፣ ሩንያንያ የሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. መብረቅ ትምህርት ቤቱን መትቶ 18 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሞቱ። ልጆቹ ሜዳ ላይ አልነበሩም፤ ከዝናቡ ተጠልለው ክፍል ውስጥ ነበሩ። የመብረቅ መከላከያ የሌለው ክፍል ከዝናብ ያስጥላል እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ከዚያ አደጋ ወዲህ በካምፓላ የተቋቋመ የአፍሪካ የመብረቅ ጥናት መረብ በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ላይ መከላከያ ሲተክል ቆይቷል፤ ሩንያንያም አንዷ ናት።

ስለዚህ መመሪያችን «አቆዩአቸው» ብቻ ሆኖ ቢቀር ስሕተት ነበር። ይህን ከእርስዎ ነው የተማርነው። ሚያዝያ ላይ የአራተኛ ክፍል ልጆች የተረፉት እኛ ስለተጠነቀቅን አይደለም፤ በአጋጣሚ ነው። ሦስቱም በመንገድ የተረፉት በአጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ደግሞ መመሪያ አይሆንም። የአራተኛ ክፍልን ጣሪያ መልሰን ስንሠራ ማገሩን በሚስማር ብቻ አልመታነውም፤ እያንዳንዱን በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር አስረነዋል። በሲሚንቶ የተሠራውን አዳራሽ የመጠለያ ክፍል አድርገነዋል። ደመና ሲቆም ልጆቹን ሁሉ የምናስገባው እዚያ ነው። የቀረን የመብረቅ መከላከያው ነው፤ ከጣሪያው አናት እስከ መሬት ውስጥ የሚወርድ ወፍራም የመዳብ ገመድ። የዘንድሮ የወላጆች መዋጮ ከሁሉ በፊት ለዚህ እንዲውል እንጠይቃለን። ኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ዓመት ይቆያል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ውኃ የምትቀዳዋን ልጅ በተመለከተ ደግሞ፣ ባቆየንባቸው ቀናት ልጆቹ ከግቢው ታንከር ጀሪካናቸውን ሞልተው እንዲሄዱ ወስነናል። መንገዳቸው የራቀውንም ሁለት መምህራን አብረዋቸው ይሸኛሉ። ፍየሎቹን ግን መመለስ አልቻልንም። በዚያ በኩል ጎረቤት ለጎረቤት እንድትተጋገዙ እንለምናለን።

ለተማሪዎቻችን

ልጆቻችን ሆይ፣ ራዳሩ እስኪመጣ ድረስ የዳበል ዓይን እናንተ ናችሁ። የሰባተኛ ክፍል የሣለው ካርታ ቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍል በየተራው የሰማይ ደብተር ይይዛል። ደመናው የታየበትን ሰዓትና አቅጣጫ፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ የቆጠራችሁትን ሴኮንድ፣ ነፋሱ የመጣበትን ጎን፣ በመለኪያው የተጠራቀመውን ዝናብ ጻፉ። አንድ ቀን ራዳሩ ሲተከል ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «እዚህ አገር ማዕበል ከወዴት ይመጣል? በስንት ሰዓት?» ብለው ነው። መልሱ በእናንተ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ይጠብቃቸው።

እስከዚያው ሦስት ነገር አትርሱ። ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ እናንተ ዘንድ መድረስ ይችላል። አቧራው ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ ካያችሁ ከቆርቆሮና ከአጥር ራቁ፤ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን ሸፍኑ።

ይህ መጽሔት ለኅትመት ሲሰናዳ የሐገያ ዝናብ ገብቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላም በስተምሥራቅ ደመና ቆሞ ነበር። ቆጠርን፤ ሃያ ሁለት ላይ ነጎደ። ልጆቹን አዳራሽ አስገባን፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አቆየናቸው። ደመናው ወደ ሰሜን አለፈ፤ ጠብታ አልጣለብንም። በር ላይ የጠበቁን ወላጆች ፊታቸው አልተፈታም። ገብቶናል። ልጆቹ ግን ሁሉም ቆመው ነበር፤ ቆጥረን አስረከብናቸው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።